የሥራ እጅ ሲታመም፦ ከሐጅ ዩሱፍ ተመላሽ እኅቶቻችን የተማርነው

የሠራዊት አባል መሣሪያው ዝጎ እንዳይገኝ በየዕለቱ ይወለውላል፤ ሳይወለውል ቢቀር በፍተሻ ሰዓት ይጠየቅበታል። መሣሪያውን የሚይዘው እጅ ሲሰነጣጠቅ ግን፣ በቤትም ልብስ የምታጥበው፣ ወጥ የምትሠራውና ልጅ የምታሳድገው ባለቤቱ እጇ ሲላላጥና ሲያሳክክ ጠያቂ አይገኝም። ሠርቶ አደር ከሁሉ በፊት የሚተማመንበት ሀብት እጁ ሆኖ ሳለ፣ የእጅ ሕመም እንደ ተራ ነገር ይታለፋል። በዛሬው የቤተሰብ አምዳችን የምናነሣው ይህንኑ ነው።

ለዚህ ያነሣሡን በጦር ሰፈራችን የቤተሰብ መኖሪያ የሚገኙ፣ ከሱዳን የተመለሱ ጥቂት እኅቶቻችን ናቸው። እነዚህ እኅቶች ለዓመታት የኖሩት በሐጅ ዩሱፍ ነበር። ሐጅ ዩሱፍ በካርቱም ባሕሪ በኩል፣ ምሥራቅ ናይል በሚባለው አስተዳደር ውስጥ የሚገኝ ሰፊ ሰፈር ነው፤ ዓባያችን ወርዶ ከነጭ ዓባይ ጋር ከሚገናኝበት ሥፍራ ብዙም አይርቅም። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ድርቅና የእርስ በርስ ጦርነት ከዳርፉር፣ ከኮርዶፋንና ከደቡብ ያፈናቀሏቸው ሰዎች እየሰፈሩበት የተስፋፋ፣ «ሱቅ ሲታ» ወይም ገበያ ስድስት በሚባለው ገበያው የታወቀ የድኾች መኖሪያ ነው። ከአገራችን የሄዱ ሴቶችም በካርቱም በዴም፣ በጅሬፍና በሌሎችም ሰፈሮች እንደኖሩት ሁሉ በዚህም ኖረዋል። ሥራቸውም በመንገድ ዳር ሻይና ቡና ማፍላት፣ በየቤቱ እየዞሩ ልብስ ማጠብ፣ ወለል መወልወልና ሕፃን መያዝ ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ ብዙዎቹ ያላቸውን ጥለው በመተማ በኩል ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ከመካከላቸው አንዷ፣ ዛሬ የአንድ አሥር አለቃ ባለቤት የሆነችው እኅታችን፣ በሐጅ ዩሱፍና በአካባቢው በሳምንት ስድስት ቀን በሦስት ቤት ልብስ ታጥብ እንደ ነበር አጫውታናለች። በሁለተኛው ዓመት የጣቶቿ መካከል መቅላትና ማሳከክ ጀመረ፤ ቀጥሎም ቆዳው ደረቀ፣ ተሰነጣጠቀ፣ ውሃ የቋጠሩ ጥቃቅን እብጠቶችም ወጡበት። ከአሠሪዎቿ አንዷ ሕመሙ ወደ ልጆቿ እንዳይተላለፍ ሠግታ አሰናበተቻት። የአገሯ ልጆች ደግሞ ገሚሱ እከክ ነው፣ ገሚሱ ቡዳ ነው አሏት፤ የሥጋ ደዌ መጀመሪያ እንዳይሆን ብለው የፈሩላትም ነበሩ። እርሷ ግን አንድ ነገር አስተውላ ነበር። አሠሪዎቿ ለዒድ በዓል ወደ አገር ቤት ሄደው ሁለት ሳምንት ባረፈች ጊዜ እጇ ተሻለው፤ ሥራ በጀመረች በሳምንቱ ግን ሕመሙ ተመለሰ። ይልቁንም የሚያስገርመው፣ ጦርነቱን ሸሽታ በረሃብና በፍርሃት ወደ መተማ ስትጓዝ፣ ሌላው ሰውነቷ እየተጎዳ እጇ ብቻ እየዳነ መምጣቱ ነበር። ይህን ስትነግረን ሳቀች፤ እኛ ግን አልሳቅንም።

ይህ ያስተዋለችው ነገር ከብዙ መድኃኒት ይበልጣል። ሐኪም ስለ እጅ ሕመም ሲጠይቅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው ይኸንኑ ነውና፦ ሥራ ሲቆም ይሻላልን? ሥራ ሲጀመር ይመለሳልን? መልሱ አዎን ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ሥራው ያዘነብላል።

የሕመሙ ስም በአማርኛ ችፌ ነው። እጅ ከሚነካው ነገር የሚመጣውን ደግሞ የንክኪ ችፌ እንለዋለን። የንክኪ ችፌ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የታመመችው እናት ልጇን ብታቅፍ፣ እንጀራ ብትጋግር፣ ከባሏ ጋር በአንድ ሳሕን ብትበላ ማንንም አታሳምምም። ከሥጋ ደዌ ጋርም ዝምድና የለውም። የሥጋ ደዌ ምልክቱ በአብዛኛው ስሜት ማጣት ነው፤ ችፌ ግን ያሳክካል፣ ያቃጥላል። እከክም ሌላ ነው፤ እርሱ በጥቃቅን ነፍሳት የሚመጣ፣ በእውነትም የሚተላለፍ፣ ማታ ማታ መላውን ቤተሰብ የሚያሳክክ ሕመም ነው። በአንዲት ሴት እጅ ላይ ብቻ ለወራት የቆየውን ሕመም እከክ ነው ብሎ ከሥራ ማባረር ግፍ ነው እንላለን።

የንክኪ ችፌ በሁለት መንገድ ይመጣል። የሚበዛው የመጀመሪያው ነው፤ ይኸውም ውሃ፣ ሳሙና፣ በረኪናና አመድ የቆዳውን የተፈጥሮ ቅባት ቀስ በቀስ አጥበው ሲያስወግዱ የሚደርስ ጉዳት ነው። ለዚህ የተለየ ሰው መሆን አያስፈልግም፤ እጁን በበቂ ያነከረ ሁሉ ይታመማል። የጀርመን የሥራ ደኅንነት መመሪያ በቀን ከ2 ሰዓት በላይ እጁ በውሃ ውስጥ የሚቆይ፣ ወይም በተደጋጋሚ እጁን የሚታጠብ ሠራተኛ ለአደጋ የተጋለጠ ነው ይላል። በዚህ መለኪያ ሕፃን ያላት የሠራዊት ባለቤት ከጧቱ 4 ሰዓት ሳይሞላ ከመሥመሩ አልፋለች። ደረቅ ኦሞ በባዶ እጅ ማፈስ፣ በረኪናን ሳያቀጥኑ መጠቀም፣ ድስት በአመድ መፈተግ ጉዳቱን ያፋጥናሉ። የአያቶቻችን እንዶድ እንኳ ጋቢ የሚያነጣው ቅባትን ስለሚገፋ ነው፤ የቆዳን ቅባት ለይቶ አይተውም።

ሁለተኛው መንገድ አለርጂ ነው። በዚህ ጊዜ የሰውነት የመከላከያ ኃይል አንድን ለሌላው ሰው የማይጎዳ ነገር ጠላት አድርጎ ይመዘግበዋል፤ ሰላማዊውን መንገደኛ ባየ ቁጥር እንደሚተኩስ ዘብ ይሆናል ማለት ነው። ምዝገባው ቢያንስ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈጃል፤ ነገሩን ለዓመታት በሰላም ሲነካ የኖረ ሰውም አንድ ቀን ሊመዘገብበት ይችላል። «ይህን ሳሙና አሥር ዓመት ተጠቅሜበታለሁ፣ እርሱ አይሆንም» የሚባለው ክርክር ስለዚህ አያዋጣም። አንድ ጊዜ ከተመዘገበ በኋላ ደግሞ በአብዛኛው ዕድሜ ልክ ይኖራል።

ሰውን ይበልጥ የሚያሳስተው አለርጂው ጊዜ መውሰዱ ነው። ችፌው የሚወጣው ነገሩ በተነካበት ደቂቃ አይደለም፤ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ ነው። ሰኞ የነካችው ረቡዕ ሲያሳክካት፣ እኅታችን ማክሰኞ የበላችውን ሽሮ ወይም ሥጋ ትወቅሳለች። በዚህ ምክንያት እየራባቸው ከምግብ የሚከለከሉ፣ ሕመሙም የማይለቃቸው ስንት ናቸው!

አሁን ወደ ሐጅ ዩሱፍ እንመለስ፤ በዚያ አገር ከሳሙና የከፋ ነገር አለና።

በሱዳን ለሠርግ፣ ለወሊድና ለበዓል የሴት እጅና እግር በሂና ያጌጣል፤ በእኛ አገር እንሶስላ እንደሚታሰረው ማለት ነው። ንጹሕ ሂና የተክል ቅጠል ነው። ቀለሙ ወደ ቀይ ቡናማ ያደላል፣ ለመያዝም ሰዓታት ይፈልጋል፤ አለርጂ የሚያመጣውም ከስንት አንድ ነው። ነገር ግን ጥቁር ቀለም ተወደደ፤ ጊዜም ማጠር ነበረበት። ስለዚህ በአካባቢው «ሰብጋ» ወይም ድንጋይ የሚሉት የጠጕር ማቅለሚያ ይቀላቀልበት ጀመር። የዚህ ድንጋይ ትክክለኛ ስሙ ፓራ-ፌኒሊን-ዳያሚን ነው። በዓለም ከሚታወቁት ጠንካራ የአለርጂ ምክንያቶች አንዱ እርሱ ነው። በአውሮፓ ሕግ ተቀላቅሎ ጠጕር ላይ ሲቀባ ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ተገድቧል፤ ቆዳ ላይ ለጌጥ መቀባቱ ግን ጨርሶ አይፈቀድም። በየገበያው በሚቀላቀለው ሂና ውስጥ ግን መጠኑን የሚለካ የለም።

ያቺ እኅታችን ገቢዋን ለመደጎም ማታ ማታ ሂና የምትሠራ ጎረቤቷን ታግዝ ነበር። በጣቷ እያማሰለች፣ በባዶ እጇ እያጠበች ወራት ካለፉ በኋላ አንድ ምሽት ጣቶቿ አብጠው ውሃ ቋጠሩ። ሙሽሮቹ የሚቀቡት በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ነው፤ ሠራተኛይቱ ግን በየቀኑ ትነካዋለች። በጌጥ ሥራ ከባለጌጧ ይልቅ ጌጥ ሠሪዋ እንደምትጎዳ ማን ያስባል?

በዚህም አያበቃም። ለጥቁሩ ሂና የተመዘገበ ሰውነት ጠጕር ማቅለሚያ ሲቀባ ፊቱ እስኪያብጥ ሊቆጣ ይችላል፤ ሽበቱን ሊያጠቁር የሚሻ ወታደርም ይህን ይወቅ። አንዳንድ ጊዜም ዘመድ የሆኑ ኬሚካሎች፣ ጥቁር ጎማ እንዳያረጅና እንዳይሰነጣጠቅ የሚገባው፣ ከማደንዘዣ ቅባቶችም አንዱ፣ ይኸንኑ ቁጣ ይቀሰቅሳሉ።

ከአለርጂው የተለየ፣ እናቶች ሊያውቁት የሚገባ አደጋም አለ። ድንጋዩ ከተዋጠ መርዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ የካርቱም ሐኪሞች ጥናት በዚህ መርዝ ምክንያት ወደ ካርቱም የአንገት በላይ ሆስፒታል ስለ ገቡ 31 ሕፃናት ይናገራል። ሁሉም ፊታቸውና ጉሮሯቸው አብጦ ነበር፤ 15ቱ እንዲተነፍሱ ጉሮሯቸው መበሳት ነበረበት፤ 13ቱ በ24 ሰዓት ውስጥ ሞተዋል፤ አምስቱ ኩላሊታቸው ቆሞ በሕክምና ተርፈዋል። ከሱዳን የመጣ የጠጕር ድንጋይ በቤቱ ያለ ቤተሰብ ለዛሬ ሌላ ምክር አንሰጠውም፤ ከልጅ እጅ ያርቀው፣ ቢቻልም ያስወግደው።

እንግዲህ ከሳሙናው፣ ከበረኪናው፣ ከሂናውና ከጓንቱ የትኛው እንደሆነ በምን ይታወቃል? በዓይን አይታወቅም፤ ሁሉም ችፌ ይመሳሰላልና። ለዚህ የተፈጠረው ምርመራ በጀርባ ላይ የሚለጠፈው ነው። ዮዜፍ ያዳሶን የሚባለው የቆዳ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1895 ያስተዋወቀው ሲሆን፣ መነሻውም በሜርኩሪ መድኃኒት ቆዳቸው የተቆጣ ሕሙማን ነበሩ። አሳቡ ቀላል ነው። የተጠረጠሩት ነገሮች በተመጠነ ልክ በትንንሽ ክቦች ተደርገው በጀርባ ላይ ይለጠፋሉ፤ በሁለተኛው ቀን ተነሥተው ይታያሉ፤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ደግሞ እንደገና ይታያሉ፤ አንዳንዶቹ እስከ ሰባተኛው ቀን ይጠበቃሉ። ከ30 ያህል ነገሮች መካከል የበደለኛው ሥፍራ ብቻ ትንሽ ችፌ ያወጣል። በዚያን ሰሞን ጀርባን መታጠብና ላብ የሚያስወጣ ሥራ ክልክል ነው፤ ስለዚህ ተመርማሪው ወታደር ከልምምድ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ለአዛዡም አስቀድሞ መነገር አለበት።

በጥቁር ቆዳ ላይ ንባቡ ልምድ ይጠይቃል። በመጻሕፍት ቀይ ተብሎ የተጻፈው በእኛ ቆዳ ላይ ጠቆር ብሎ ወይም ወይን ጠጅ መስሎ ይታያል፤ ስለዚህ ሐኪሙ በዓይኑ ብቻ ሳይሆን በጣቱም ዳስሶ እብጠቱን ይፈልጋል። ይህ ምርመራ ለአበሻ ቆዳ አይሆንም የሚለው ወሬ ግን መሠረት የለውም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ጥናት የንክኪ ችፌ ባለባቸው 514 ሕሙማን ላይ በአውሮፓ መደበኛ ዝርዝር የተደረገውን ምርመራ ውጤት ያቀረበ ሲሆን፣ ከሁሉ በላይ የተገኘው ምክንያት ኒኬል ነበር፤ ይኸውም በርካሽ ጉትቻ፣ በቀበቶ ዘለበትና በሱሪ ቁልፍ ያለው ብረት ማለት ነው።

ሌላ የማይገባ ወጪ እንዳይወጣ እናሳስባለን። ክንድ ተጭሮ በሩብ ሰዓት የሚነበበው ምርመራና በደም የሚደረገው የአለርጂ ምርመራ የሚያገለግሉት ለአስም፣ ለምግብና ወዲያው ለሚያብጥ ዓይነት ቁጣ ነው። ቀናት ለሚወስደው የንክኪ ችፌ መልስ አይሰጡም። ለእጇ ችፌ ብላ የወር ደመወዝ የሚያህል ገንዘብ ለደም ምርመራ ከፍላ ወረቀቱን በትራስ ሥር ያስቀመጠች እኅት በዚሁ ሰፈር አግኝተናል።

የልጥፉ ምርመራ በየከተማው አይገኝም፤ ይህ ሐቅ ነው። በሌለበት ሥፍራ ግን አሠሳው አይቆምም። በቆዳ ላይ የሚቆዩ ቅባቶች ከተጠረጠሩ ክንድ ላይ በውስጥ በኩል ጠዋትና ማታ ለሰባት ቀን ያህል ቀብቶ ማየት ይቻላል። በሳሙና፣ በበረኪናና በማቅለሚያ ግን ይህ ፈጽሞ አይሞከርም፤ እነርሱ ጤናማውንም ቆዳ ያቆስላሉና።

ሕመሙ ያረፈበት ቦታ ራሱ ብዙ ይናገራል። ነጭ ሽንኩርት በግራ እጇ ይዛ በቀኝ የምትከትፍ ሴት ችፌው የሚጀምራት በግራ እጇ አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና መኻል ጣት ጫፍ ላይ ነው። ከቀለበት ሥር ብቻ ከሆነ ሳሙናው በዚያ እየቀረ ነው፣ ወይም ብረቱ ራሱ ነው። እስከ አንጓ ድረስ እንደ ጓንት ቅርጽ ከሆነ በእርግጥም ጓንቱ ሊሆን ይችላል፤ ጎማውን ለማጠንከር የሚገቡት ኬሚካሎች የታወቁ የአለርጂ ምክንያቶች ናቸውና። የጤና አዳም ነገር ደግሞ የተለየ ነው። ጤና አዳም ወይም ሎሚ በእጇ የጨመቀች ሴት ሳትታጠብ ፀሐይ ላይ ብትቀመጥ፣ በማግሥቱ ወይም በሁለተኛው ቀን እንደ ቃጠሎ ያለ ቁስል ታያለች። ይህ አለርጂ አይደለም፤ የተክሉ ጭማቂና የፀሐይ ብርሃን ተባብረው የሚያደርሱት ጉዳት ነው። ቡና ላይ ጤና አዳም መጨመር ይቅር አላልንም!

ወታደሩስ? ምሽግ የሚገነባው ጓድ እጁን ከሲሚንቶ ይጠብቅ። እርጥብ ሲሚንቶ ራሱ ቆዳ ያቃጥላል፤ ጫማ ውስጥ ከገባም የከፋ ቁስል ያደርሳል። ከዚህም ሌላ በውስጡ ያለው ክሮሚየም ለብዙ ግንበኞች ዕድሜ ልክ የማይለቅ አለርጂ ሰጥቷቸዋል። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የብረት ጨው ሲሚንቶው ላይ እየጨመረች ክሮሚየሙን አዳክማለች፤ የአውሮፓ አገሮችም ከ2005 ወዲህ መጠኑን ከሚሊዮን 2 እጅ እንዳይበልጥ ወስነዋል። ይኸው ክሮሚየም ቆዳ ለማልፋትም ስለሚያገለግል፣ የእግር ችፌ የያዘው ወታደር የቆዳ ጫማውንም ይጠርጥር። ሹፌሮችና መካኒኮች ደግሞ ግራሶውን በቤንዚንና በናፍጣ መታጠብን ይተዉ። እጁ የጸዳ ይመስላል፤ ነገር ግን ቅባቱ ሁሉ ወጥቶ ቆዳው ራቁቱን ቀርቷል።

ሕጉ ስለዚህ ዝም አላለም። የዓለም የሥራ ድርጅት ከሥራ የሚመጡ በሽታዎችን በዘረዘረበት ሰነድ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በተሻሻለው፣ በአለርጂም ሆነ በማስቆጣት የሚመጣ የንክኪ ችፌ በስም ተጠቅሷል። በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን ያውቃል፤ በቤት ውስጥ የምትሠራዋን ሠራተኛ ግን ለብቻ ደንብ ትቷታል። እጇ ከሁሉ አብልጦ በውሃ የሚነከረው ሠራተኛ ከሕጉ ጥላ ውጭ መቆሟ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

እስከዚያው በቤት የሚደረገው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ከጎማው ጓንት ሥር ስስ የጥጥ ጓንት ይደረግ፤ ሲርስም ይለወጥ። ኦሞው በማንኪያ ይለካ፣ እጅም በለብታ ውሃ ይለቅለቅ። ከእያንዳንዱ መታጠብ በኋላና ማታ ሲተኙ ሽቶ የሌለበት ተራ ቫዝሊን ይቀባ፤ አደስ የገባበት ቅቤ ለጠጕር ያምራል፣ ለተሰነጠቀ እጅ ግን አይመከርም። በገበያ «ለሁሉም ይሆናል» ተብሎ የሚሸጠው፣ ፊት የሚያቀላውም ቅባት ብዙ ጊዜ ኃይለኛ ስቴሮይድ አለበት፤ ለጊዜው ማሳከኩን ይደብቃል፣ ቆዳውን ግን ያሳሳል። ስቴሮይድ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፤ ዓይነቱንና ቀኑን የሚወስነው ግን ሐኪም ነው። ባሎችም ልጁን ከማጠብና ድስቱን ከመፈተግ ሁለት ሳምንት ቢያሳርፏቸው እጁ በራሱ ይመሰክራል። ይህን ስንጽፍ የሚያጉረመርሙ እንዳሉ እናውቃለን፤ ቢሆንም ጽፈነዋል።

የአሥር አለቃው ባለቤት አሁን ልብስ የምታጥበው በጓንት ነው፤ ሂና አትነካም፤ የጥጥ ጓንቷንም ራሷ ከአሮጌ ከናቴራ ሰፍታለች። እጇ ሙሉ በሙሉ አልዳነም፤ በክረምት ይብስባታል። ወደ ሐኪም ስትሄድ የምትጠቀምበትን የሳሙናና የቅባት መጠቅለያ ሁሉ በፌስታል ይዛ፣ ሕመሙ የበረታባቸውንና የተሻሉባቸውንም ቀኖች በልጇ ደብተር ጀርባ ጽፋ ነበር። የእጅ ሕመም ያለባችሁ ሁሉ ወደ ጦር ሰፈሩ ክሊኒክ ስትመጡ እንዲሁ አድርጉ፤ የመያዣውን ስም ማንበብ ካልቻላችሁም ባዶውን ጠርሙስ ይዛችሁ ኑ።